ከቀብድ በፊት ማዘጋጃ ቤት፦ የቤት ገዢዎችና የደላሎች ጥያቄ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከመርሳ የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በ2011 ዓ.ም. ደሴ ሆጤ አካባቢ ቤት ገዛሁ። ውሉን ደላላው ጻፈልን፣ ሦስት ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ። ገንዘቡን ከፍዬ ገባሁበት፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል ጨመርኩበት። ሻጩ አምና አረፉ። አሁን ልጆቻቸው “አባታችን ቤት አልሸጠም፣ ልቀቅ” ይሉኛል። ውሉ ላይ እኮ “በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው” ተብሎ ተጽፏል። — ከደሴ

መልስ፦ ያቺ ዓረፍተ ነገር በየመንደር ውሉ ግርጌ አትጠፋም፤ ግን ቁጥሩ ስለተጠራ ውል አይጸናም። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን ያስገድዳል ይላል። ቤትን በተመለከተ አግባቡ ምን እንደሆነ የሚናገሩት ሌሎች ድንጋጌዎች ናቸው። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ በጽሑፍ መሆኑ አይበቃም፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይመዝገብ ይላል። ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ ወረቀቱ ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም (ቁጥር 1720)። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 ምዝገባው የግድ መሆኑን ተርጉሟል። በኋላ በሰጣቸው ውሳኔዎች ግን የውሉን መደረግ ያልካደ ወገን “አልተመዘገበም” በሚል ብቻ ሊያፈርሰው እንደማይችል አመልክቷል።

የእርስዎም ዕድል ያለው እዚሁ ላይ ነው። ወራሾቹ ሽያጩን ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ? ገና ክስ ካልተመሠረተ መጀመሪያ በሽማግሌ ይነጋገሩ፣ አስፈላጊ ከሆነም የተወሰነ ገንዘብ ጨምረው ይስማሙ። ስምምነቱ ግን እንደገና በመንደር ወረቀት እንዳይሆን! ወራሾቹ ሁሉ የወራሽነት ማረጋገጫቸውን ከፍርድ ቤት ያውጡ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ (ውል የሚያረጋግጠውና የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ) ቀርበው ሽያጩን አምነው ይፈርሙ። ከመካከላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ካለ ሞግዚቱ በራሱ ፈቃድ መፈረም አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ወራሽ ዓረብ አገር ነው ብላችሁ ብትተዉት ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ሁሉንም ከአንድ ያስጀምራችኋል።

ጨርሰው ከካዱና ፍርድ ቤት ውሉን ፈራሽ ካለው ውጤቱ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው፦ ቤቱ ለእነሱ፣ ገንዘቡ ለእርስዎ። የሚመለሰው ያን ጊዜ የከፈሉት ብር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ብር ዛሬ የት ሰፈር ቤት እንደሚገዛ መገመት አያቅትዎትም። ስለዚህ የጨመሩትን ሁለት ክፍል ወጪ በክርክሩ ውስጥ አብረው ይጠይቁ፤ የሲሚንቶ፣ የብረትና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ የግንበኛ ውል፣ ያለዎትን ሁሉ ያሰባስቡ። ክፍያውን በባንክ ፈጽመው ከሆነ የሂሳብ መግለጫዎን ዛሬውኑ ያውጡ። ጠበቃዎም ክሱን ሲያቀርብ በቤቱ ላይ እግድ ይጠይቅ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ለሦስተኛ ሰው ተሸጦ ስም ከዞረ ነገሩ ይወሳሰባል። ቁጥር 2878 የቤት ሽያጭ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገንን አይነካም ስለሚል፣ አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሲሸጥ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያስመዘገበው እንጂ ቀድሞ የከፈለው አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ 3 ሚሊዮን ብር የተባለ ቤት ለመግዛት እየተደራደርኩ ነው። ደላላው የካርታውን ፎቶ ኮፒ አሳይቶኝ “ንጹሕ ነው፣ ነገ ቀብድ ካልጣልክ ይሄዳል” አለኝ። ምን ምን ማየት አለብኝ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ነገ የሚሄድ ቤት ይሂድ። በፎቶ ኮፒ ቀብድ አይጣልም።

ዋናውን ካርታ ከነባለቤቱ ይጠይቁ። በካርታው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር እስከ አያት ይመሳከር፤ አንዲት ፊደል ብትለያይ እንኳ ስም ሲዛወር “አንድ ሰው ነው” የሚል ማስረጃ አምጡ መባሉ አይቀርም። ከዚያ ሻጩን ይዘው የከተማው መሬት ይዞታ መዝገብ ካለበት ቢሮ ይሂዱ። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ሻጩ ነው፤ እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱ ፋይሉን ላያሳዩዎት ይችላሉ። የሚፈልጉት ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። የባንክ መያዣ ካለ እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ የመያዣ ምዝገባ ለ10 ዓመት ይጸናል፣ ቤቱ ቢሸጥም መያዣው ከቤቱ ጋር ይሄዳል። ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ያለ ፍርድ ቤት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በጨረታ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው የቆየ ከሆነ አይቀበሉት። በደብዳቤውና በፊርማው መካከል ባሉት ቀናት እግድ ሊገባ ስለሚችል የመጨረሻውን ከፊርማው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ያሳድሱት።

እዚያው ቢሮ እያሉ ሌላም ይጠይቁ፦ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው፣ ውዝፍ አለበት ወይ? ነባር ከሆነ ገዢዎች የሚደነግጡበት አንድ ነገር አለ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721/2004) መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ በዓመት የሚከፍላትን ትንሽ የቦታ ኪራይ አይተው “ቀላል ነው” እንዳይሉ፤ ስም ሲዞር ሊዙ በእርስዎ ላይ ይጀምራል። ስሌቱን ከድርድሩ በፊት ከቢሮው በጽሑፍ ይውሰዱ።

ቀጥሎ ትዳር ነው። በትዳር ጊዜ የተፈራ ቤት ሁለቱም ካልፈረሙ አይሸጥም። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው (አዋጅ ቁጥር 79/1995)፤ መርሁ ከፌዴራሉ ጋር አንድ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ያልፈረመው ባል ወይም ሚስት ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ባያውቅም ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉን ለማፍረስ መክሰስ ይችላል። ሻጩ ከቀበሌ “ያላገባ” የሚል ወረቀት ቢያመጣም እዚያ ላይ አይቁሙ። እኛ አገር በኒካሕ ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብቶ ክብር መዝገብ ያልደረሰ ብዙ ነው፣ ጋብቻው ግን ጋብቻ ነው። ጎረቤት ቡና ላይ አንድ ሰዓት ቁጭ ማለት አንዳንዴ ከማኅተም ይበልጣል። አጥሩ ማን ጋ እንደሚያዋስን፣ ክርክር ይኑር አይኑር፣ ውሃና መብራት በማን ስም እንደሆነ እዚያው ይሰማሉ።

ቦታውን ያስለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 230 ካቀፈ፣ ያቺ 30 ካሬ የመንገድ ወይም የጎረቤት ናት፤ ዋጋ አይከፈልባትም። ደሴ ላይ ለሚገዙ አንድ ነገር እንጨምራለን፦ በጦሳና በአዝዋ ገደል ሥር ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች መሬት መንሸራተት የታወቀ ችግር ነው። የድጋፍ ግንቡን ይዩ፤ ወደ ውጭ ካበጠ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው፣ ግድግዳው ላይ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካለ መሐንዲስ ሳያይ አይፈርሙ። ስንጥቁ በቅርቡ በኖራ ተለስኖ ከሆነ ይበልጥ ይጠርጥሩ። የተጨመሩ ክፍሎች የግንባታ ፈቃድ እንዳላቸውም ይጠይቁ።

ሻጩ ወይም ደላላው “ታክሱ እንዲቀንስ ውሉ ላይ 800 ሺህ እንበል” ማለቱ አይቀርም። አይስማሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በተዋዋዮቹ መካከል የተፈረመ ሰነድ በውስጡ ላለው ቃል ሙሉ ማስረጃ ነው (ቁጥር 2005)፣ በቃሉ ላይም የሰው ምስክር አይሰማም (ቁጥር 2006)። ውሉ ነገ ቢፈርስ የሚመለስልዎት 800 ሺህ ነው፤ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር “እርግጥ ነው ሰጥቶታል” በሚል ሽማግሌ አይመለስም። የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ነው። በ3 ሚሊዮን 60 ሺህ ብር ይሆናል። ከተማው የራሱን ግምት አውጥቶ በዚያ ሊያስከፍል ስለሚችልም ዋጋ መደበቅ ሁልጊዜ አያተርፍም። የስም ማዛወሪያ አገልግሎት ክፍያና የካፒታል ዕድገት ግብር (ከሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ የሚከፈለው) ማን እንደሚከፍል በውሉ ይጻፍ። “እንደ ሕጉ” ብሎ ማለፍ በየቢሮው በር ላይ ጭቅጭቅ ያስነሣል።

ክፍያው በባንክ ይሁን። የሚሻለው አከፋፈል ይህ ነው፦ ትልቁ ክፍያ ውሉ በሚረጋገጥበት ዕለት በሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ይሰጥ፣ ጥቂቱ (10 በመቶ ያህል) ስሙ ዞሮ ካርታው በእርስዎ ስም ሲወጣና ቁልፍ ሲረከቡ ይከፈል። ሙሉውን የወሰደ ሻጭ ማዘጋጃ ቤት ለመመላለስ ጊዜ ያጥረዋል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ላይ 200 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቼ ተፈራረምን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ገንዘቤን መለሰልኝ። ዝም ብሎ መመለስ ይችላል? — ከሐይቅ

መልስ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ 400 ሺህ ብር ነው፤ የመለሰልዎትን ቢቀንሱ 200 ሺህ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ግን ሌላ ስምምነት ከሌለና ወረቀታችሁ ውል ከሆነ ነው። ያልተመዘገበ የመንደር ወረቀት ከሆነ ሻጩ “ውል የለም፣ ረቂቅ ነው፣ ብሩን መልሻለሁ” ብሎ ይከራከራል፤ ክርክሩም ተራ አይደለም። ገንዘቡ “ቅድመ ክፍያ” ተብሎ ከሆነም የቀብድ ሕግ ላይሠራለት ይችላል።

ለወደፊቱ ቤቱን ራሱን አጥብቀው ከፈለጉ፣ ቀብድ ለሁለቱም ወገን የመውጫ በር መሆኑን አይርሱ፤ እጥፉን ከፍሎ መውጣት ለሻጭ መብት ነው። ቤት ዋጋው በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ እጥፉን ከፍሎም ያተርፋል። ሕጉ “ሌላ ስምምነት ከሌለ” ስለሚል፣ “ሻጭ ቀብዱን በእጥፍ መልሶ ውሉን ማፍረስ አይችልም” የሚል ሐረግ ጨምራችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ጅዳ ነው ያለሁት። ለስድስት ዓመት የላክሁትን ገንዘብ ወንድሜ ቤት ገዝቶበታል፣ ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። እሱም አግብቷል። አሁን ሌላ ቤት ልገዛ ነው፤ ያለፈው እንዳይደገም ምን ላድርግ? — ከጅዳ

መልስ፦ ወዐለይኩም ሰላም። ካርታ በስሙ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195)። በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ የሚስቱም ነው የሚል ግምት ይጨመርበታል። ወንድምዎ ታማኝ ቢሆን እንኳ ነገ ቢፋታ ወይም ቢሞት ክርክርዎ ከእሱ ጋር አይሆንም፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቤት የላኩበትን የባንክና የሐዋላ ደረሰኝ፣ የቤቱን ነገር የተጻጻፋችሁበትን መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ። ወንድምዎ ፈቃደኛ ከሆነ ሚስቱም አብራ ፈርማ በሕጋዊ መንገድ ወደ ስምዎ ያዛውሩት። ቀረጥ ቢያስከፍልም ጠብ ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ርካሽ ነው።

ለአዲሱ ቤት ደግሞ ውክልና ይስጡ። ጅዳ በሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ፊት ይፈረማል፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በኋላ ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራል። ቃሉ ላይ ይጠንቀቁ። የተለመደው ናሙና “በስሜ ያለውን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ” እያለ ይደረድራል፤ ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማል። ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ሕጉ ልዩ ውክልና የሚጠይቀው (ቁጥር 2205) እርስዎን ለመጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ ያቺን መስመር በገዛ እጅዎ ከፈቀዱ ጥበቃው የለም። “በስሜ ቤት እንዲገዛልኝ፣ የሽያጭ ውሉን በስሜ እንዲፈርም፣ ካርታው በስሜ እንዲወጣ እንዲያስፈጽም፣ ግብርና ቀረጥ እንዲከፍል” ይበቃል። ገንዘቡን ከእርስዎ ሂሳብ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሂሳብ ያስገቡ። ውክልናውን ሲሽሩ ለወንድምዎ መንገር ብቻ አይበቃም፣ ላረጋገጠው ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቁ። በተቃራኒው ደግሞ ከተወካይ ላይ የምትገዙ አንባቢዎች፣ ወካዩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ፤ በመርሁ ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል (ቁጥር 2232)። በስልክ ምስል ከፍቶ ማነጋገር ሁለት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ደላላ ነኝ። ገዢና ሻጭ አገናኝቼ ቤቱን ሁለት ጊዜ ካሳየሁ በኋላ ተደብቀው ተዋዋሉ። 2 በመቶዬን እንዴት ላግኝ? — ከወልድያ

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ አለዎት? ድለላ በንግድ ሕጉ ንግድ ነው፤ ያለ ንግድ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ስለሆነ ፍርድ ቤት ሄዶ “ደላላ ነኝ፣ ክፈሉኝ” ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ፈቃድ ካለዎት የሚቀረው ማስረጃ ነው። 2 በመቶ ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም፤ ለአንዱ ወገን 1፣ ለሌላው 3 ቢባልም ስምምነቱ ነው የሚገዛው።

አንድ ገጽ ወረቀት ችግሩን ያቃልላል። ቤት ከማሳየትዎ በፊት ገዢው ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የቤቱን አድራሻና ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ “ይህን ቤት በዚህ ደላላ በኩል አይቻለሁ፤ በ6 ወር ውስጥ እኔ ወይም ቤተሰቤ ብንገዛው የዋጋውን ይህን ያህል በመቶ እከፍላለሁ” ይበል። ከሻጭም ተመሳሳይ ያስፈርሙ። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም ነው ወይስ ስም ሲዞር? ይጻፍ። ያለዚህ ወረቀት የስልክ ጥሪ ዝርዝርና ምስክር ይዘው መከራከር ይችላሉ፣ ግን ይደክማሉ።

ስለ ራሳችሁም ትንሽ እንበል፣ ስለ ደላላ የሚመጣልን ቅሬታ ከሌላው ሁሉ ይበልጣልና። ቀብድ በእጃችሁ አትያዙ። ሻጭ 3 ሚሊዮን ሲል ለገዢ 3 ሚሊዮን 300 ሺህ ብሎ ልዩነቱን ኪስ መክተት ኮሚሽን አይባልም። እግድ ያለበት መሆኑን እያወቀ “ንጹሕ ነው” ብሎ ያስገዛ ደላላ ለጉዳቱ በፍትሐ ብሔር ከመጠየቁ በላይ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 በማታለል ሊከሰስ ይችላል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። “እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ” የሚለው መከላከያ የሚሠራው በትክክል አገናኝ ብቻ ለነበረ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ የቤቱ ፋይል በ2014ቱ ጦርነት ከቢሮው ጠፍቷል፣ ካርታውም አብሮ ጠፍቷል ይላሉ። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ ቤቱም የእሳቸው ነው። ልግዛ? — ከመርሳ

መልስ፦ በዚያ ጊዜ በወሎ ብዙ የመንግሥት ቢሮዎች ስለተዘረፉ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፋይሉን የማደራጀቱ ሥራ የሻጩ ነው፤ ምትክ ካርታ ሳይወጣ ከእርስዎ ኪስ ገንዘብ አይውጣ። ሻጩ ለማመልከቻቸው የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ደንበኝነት ውል፣ የተገዛበት ወይም የተወረሰበት ሰነድ፣ የአዋሳኞች ምስክርነት ያቅርቡ። ቀድሞ ተበድረውበት ከነበረ ባንኩ ጋ የካርታ ኮፒ ይገኛል፤ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ሌላም የሚዘነጋ አለ። ፋይሉ ሲጠፋ በፋይሉ ውስጥ የነበረ እግድና የመያዣ ደብዳቤም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ አዲሱ ፋይል “ነፃ ነው” ቢልም ለዚህ ቤት አይበቃም። ሻጩ በየባንኩ ዕዳ እንደሌለባቸው ማረጋገጫ ያምጡ፤ በወረዳና በዞኑ ፍርድ ቤት ሬጅስትራርም በስማቸው የተከፈተ የቤት ክርክር መኖር አለመኖሩ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ የማኅበር ቦታ መሠረት ወጥቶለት በ900 ሺህ ብር ይሸጣል። የገበሬ መሬትም ከከተማው ዳር በርካሽ አለ። የቀበሌ ቤት ቁልፍም አግኝቻለሁ። የቱ ይሻለኛል? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ በያዙት መልክ ሦስቱም አይሻሉም።

የቀበሌ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት የመንግሥት ቤቶች ነው፤ ተከራዩ የሚሸጠው መብት የለውም። ቁልፍ የገዛ ሰው ቀበሌው ሲያስወጣው ገንዘቡን ከማን ይጠይቃል?

የገበሬው መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም። በላዩ ሌሊት የተሠራች የጨረቃ ቤት ፈርሳ ካሳ አትጠይቅም።

የማኅበሩ ቦታ ከሁለቱ የተለየ ነው፣ ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለና። በሊዝ አዋጁ ግንባታው ከግማሽ በታች ሆኖ ሲተላለፍ (ለቪላ ቤት ግማሽ የሚባለው መሠረቱ፣ ቋሚዎቹና የላይኛው ቢም ሲያልቁ ነው) አስተዳደሩ ባለበት መተላለፍ አለበት። ሻጩ የሚያስቀረውም የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የሊዝ መተላለፊያውን ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። መሠረት ብቻ ለወጣለት ቦታ 900 ሺህ ብር የሚጠየቀው በዚህ መንገድ እንደማይሆን ሁለታችሁም ስለምታውቁ ነው በመንደር ውል የሚያልቀው። ሻጩ ቋሚውንና ቢሙን እስኪጨርስ ቢጠብቁት፣ ማኅበሩና ከተማው ለአባላት ያስቀመጡት የማስተላለፍ ገደብ ካለም በጽሑፍ ቢያስጠይቁ፣ ያኔ የሚገዙት ካርታ ያለው ንብረት ይሆናል።